አባቴ ስለ ዘይቱ ያሉት

እኔን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሦስት ሽማግሌዎች የመጡት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ በታኅሣሥ ወር ነው። ያመጣቸው የጠያቂው መኪና ነበር። እሱ ራሱ ወግ ስለማይፈቅድለት ቀርቶ ጓደኛው ነዳላቸው። ሰውየው አሰላ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን፣ መኪናዋ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን የገዛት አሮጌ ነች። እኔና እሱ በዐይን እንተዋወቅ ነበር፤ ከዚያ በላይ መጻፍ አያስፈልግም።

በወጉ የልጅቷ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። እሺ ካለ ልጁን ለመገላገል የቸኮለ ይመስልበታል። ስለዚህ «ዘመድ ላማክር» ወይም «ገና ልጅ ናት» ይልና ቀጠሮ ይሰጣል፤ ሽማግሌዎቹም ነገሩ ስለሚገባቸው አይከፋቸውም። አባቴ ግን ከዲክሲስ ስንዴ በጭነት መኪና የሚያመላልሱ ሰው ነበሩና ምክንያታቸውን ከሚያውቁት ነገር አመጡት። እንግዶቹን ሊሸኙ ወጥተው ከመኪናዋ ሥር አንዲት ጥቁር ጠብታ አዩ።

«ዘይት ታፈሳለች» አሉ። «ይህን ያሠራና እንነጋገራለን። በጥር ተመለሱ።»

ሽማግሌዎቹ ሣቃቸውን አፍነው ሄዱ። ጠያቂው ግን ሲነግሩት አልሣቀም። በአዳሪ ተማሪነት ያደገ ነው፤ የሽማግሌ ወግ ደግሞ ክፍል ውስጥ አይሰጥም። በማግስቱ መካኒክ ዘንድ ሄደ። መካኒኩ በየሳምንቱ ትንሽ ዘይት ከጨመረባት መኪናዋ ለዓመታት እንደምትሄድ ነገረው። ይሠራ ከተባለ ግን ዘይቱን የሚያግደውን ጓርኒሲዮን ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት፤ ዕቃውም ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት።

በኋላ እንደነገረኝ፣ ትልቁ ሽማግሌ ሊያስተዉት ብዙ ደክመዋል።

«አንተ ልጅ፣ እሳቸው እኮ አንድ ነገር ማለት ስላለባቸው ነው ያሉት።»

«ያሠራ ብለዋል ወይስ አላሉም?»

«ብለዋል።»

«እንግዲያው አሠራለሁ።»

«ጠብታ እኮ ናት! የእኔ አፍንጫ ከዚያ የበለጠ ያፈሳል።»

«የእርስዎን አፍንጫ አላዩትማ፣ አባባ።»

ሞተሩ ወረደ። ዕቃው ግን አልመጣም። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ሽማግሌዎቹ በኪራይ ጋሪ፣ ነጭ ልብሳቸው አቧራ ለብሶ መጡ። አባቴ ደጃፍ ቆመው ከኋላቸው ተመለከቱ።

«መኪናዋስ?»

«ሞተሯ ወርዷል።»

«ምን ሆና?»

«እርስዎ ያሠራ ብለው ነዋ!»

እናቴና እኔ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነበርን። እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ፣ «የራሱ የጭነት መኪና በሚያፈሰው ዘይት ግቢያችንን አጥቁሮት የለም እንዴ!» አለች። እኔ አልሣቅሁም። አባቴ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። መኪናዋ ትሠራ ብለዋል፤ አልተሠራችም። ዕቃው እስኪመጣ ቢጠበቅ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ከዚያ ፋሲካ፣ ከዚያ ክረምት። እስከዚያ ከአርቦዬ ሌላ ጠያቂ እንደሚመጣ ሲወራ ሰምቻለሁ። የእኔን ሐሳብ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቢጠይቁኝ ግን መልስ ነበረኝ።

ሽማግሌዎቹ መልስ ሳያገኙ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አባቴ ኮታቸውን አነሡና «ጋራዡ የት ነው?» ብለው አብረዋቸው ጋሪው ላይ ወጡ።

ጠያቂውን ያገኙት ከወረደው ሞተር አጠገብ፣ የሚያደርገው ጠፍቶት ቆሞ ነው። አባቴ ጎንበስ ብለው ሞተሩን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ጓርኒሲዮኑ ብቻ ነው?»

«ብቻ ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ለዚህ ሞተር ይወርዳል?»

«እርስዎ ስላሉ ነው።»

አባቴ ጣታቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ሠርጉ ጾም ሳይገባ ይሁን። ሌላ ነገር ካልኩት ይህ ልጅ ቤት ያፈርሳል።»

ቤት ተመልሰው ይህንኑ ለእናቴ ሲነግሯት እኔ ጓዳ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ቀና አላልኩም። ማታ ገበታ ላይ አባቴ እኔ ከለቀምኩት የምስር ወጥ ውስጥ ጠጠር ነከሱ። አንዴ አዩኝና አውጥተው ከሰሃኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡት።