የባለወፍጮው ስምና የልጄ ስም

ያሳደግኳት የልጅ ልጄ ወልቂጤ የሚያስተምር ጀርመናዊ ላገባ ነው ስትለኝ አልተቃወምኩም። የተቆጣሁት ቡታጅራ ድረስ ይዛው መጥታ፣ ሳገባ የአባቴን ስም ትቼ የእሱን የቤተሰብ ስም እይዛለሁ ያለችኝ ጊዜ ነው። አባቷ የበኩር ልጄ ነው። በቡኢ መንገድ ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። የተወልኝ እሷን ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሴት ልጅ ባል አገባሁ ብላ የአባቷን ስም አትጥልም።

“የአባትህ ስም ምን ማለት ነው?” አልኩት።

“ባለወፍጮ። ግን የአባቴ ስም አይደለም፣ እማማ።”

“የማን ነው ታዲያ?”

“አናውቅም። ድሮ የኖረ ሰው ነው።”

“ጉድ ፈላ! ማንነቱ የማይታወቅ ባለወፍጮ ልጄን ከገዛ ልጁ ስም ላይ ሊያስወርደው?”

“እማዬ፣ እዚያ አገር ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚያደርጉት…” አለች።

“አንቺ ዝም በይ!”

ያም ሆኖ መጥራት በማልችለው ስም ላይ መፍረድ ደግ አልመሰለኝም። “በል አስተምረኝ” አልኩት። ጻፈልኝ። አንዷ ፊደል አናቷ ላይ ሁለት ነጥብ አላት። “ከንፈርዎን ለፉጨት ያሹሉና ‘ኢ’ ይበሉ” አለኝ። አሾልኩ።

“እማዬ፣ ፍየል ልትጠሪ ነው?” ብላ ልጅቷ በሳቅ ሞተች።

ደግሞ ሁለት “ል” ጽፈው አያጠብቁትም። እኛ ሳንጽፍ እናጠብቃለን፣ እነሱ ጽፈው ያላላሉ። ቢሆንም ተወጣሁት።

“አሁን ያንተ ተራ ነው” አልኩት። የልጄ ስም በ“ጠ” ይጀምራል።

“ተ” አለ።

“ተ አይደለም፣ ጠ!”

“ተ።”

“ምላስህን ጥርስህ ላይ ለጥፈህ ፈንጥረው!”

ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ አልተወም፣ እኔም አልተውኩትም። በመጨረሻ “ጠ” ብሎ የልጄን ስም እስከ ዳር አወጣው። ልጄ ከሞተ ወዲህ ያን ስም በቤቴ ደፍሮ የሚጠራው አልነበረም። የልጅ ልጄ ሳቋን አቁማ ወደ ግድግዳው ዞረች።

“የአባቴን ስም አልተውም” አለችው እንደዞረች።

“እሺ። በእኛም ሕግ ይቻላል” አላት።

“ይቻላል? ታዲያ ይህን ሁሉ ምን አስፏጨኝ!” አልኩ።

ወደ መናኸሪያ የሚወስዳቸው ባጃጅ ሲነሳ አንገቴን ብቅ አድርጌ አየሁ። እሱ አሁንም “ጠ፣ ጠ” ይላል፤ እሷ አገጩን ይዛ ታርመዋለች።