ሙሉዋን ጨረቃ ለአባቴ

አባቴ ሸማኔ ነበር። አንድ ዓይኑን የዓይን ግፊት ካጠፋበት በኋላ ሁለተኛውም ይደክም ጀመር፤ ሐኪሙም «ይኼኛውም ብዙ አይቆይም» ብሎን ነበር። እኔ ያኔ አርባ ምንጭ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ መምህር አሮጌ ቴሌስኮፕ ገዝቼ፣ ከኋላው ካሜራ እየገጠምኩ ሰማይ ማንሳት ለምጄ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ያነሳኋትን ጨረቃ በላፕቶፕ ይዤ ዶርዜ ወጣሁ። አባቴ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ሊለጥፍ ምንም ሳይቀረው ተጠግቶ የጨረቃዋን ዳር በጣቱ ተከተለ። ጣቱ ከስክሪኑ ጠርዝ ወጥቶ ቀረ።

«ላይዋ የታለ?»

«አልገባም አባባ። ቴሌስኮፑ በጣም ያጎላል።»

«እንግዲያው ሙሉዋን አሳዪኝ። ሳይጨልምብኝ።»

ሁለት ፎቶ አንስቼ ልግጠምልህ ብለው፣ «የተጣፈ ጋቢ አዲስ ነው ልትይኝ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ እልህ ያዘኝ። ሙሉዋን አሳየዋለሁ፣ አለቀ!

መፍትሔው ፎካል ሪዱሰር ነበር፤ በቴሌስኮፑና በካሜራው መካከል ገብቶ ምስሉን ሰብሰብ የሚያደርግ ሌንስ። በስንት ልመና በሰው አስመጣሁት። ጉዱ የመጣው ኋላ ነው፤ ሌንሱንና ካሜራውን የሚያራርቀው ቱቦ አብሮት የለም! ሁለቱ ሲቀራረቡ ሌንሱ በደንብ አይሰበስብም፣ ጨረቃዋ አሁንም ትቆረጣለች። ሲራራቁ ደግሞ ዳር ዳሩ ይደበዝዛል። የአርባ ምንጭን ሱቆች አዳረስኩ፤ የቧንቧ ዕቃ ሻጩ ያሳየኝ ሁሉ ወይ ይሰፋል ወይ ይጠባል።

ጨረቃ ልትሞላ አንድ ቀን ሲቀራት ቴሌስኮፑን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ወጣሁ። አባቴ ነገሩን ሲሰማ ጓሮ ወስዶ ደረቅ ቀርከሃ መረጠልኝ፤ ክብነቱን ያረጋገጠው በጣቱ ነው። ብርሃን እንዳያንፀባርቅ ውስጡን በጥላሸት አጠቆርነው። እኔም ማስመሪያዬን አውጥቼ፣ አስልቼ፣ ቆረጥኩት።

አመሻሽ ላይ ስሞክረው አጥሯል። ለካ ካሜራው ውስጥ ያለውን ርቀት ሁለት ጊዜ ቀንሼዋለሁ። እኔ፣ የፊዚክስ መምህርቷ! ደሜ ፈላ፤ ቀርከሃውን አሽቀንጥሬ እንሰቱ ውስጥ ወረወርኩት።

«አጎትሽን ረሳሽው?» አለኝ አባቴ። እኛ ዘንድ የቀርከሃ ቤት ሥሩን ምስጥ ሲበላው የተበላው ከታች ይቆረጣል፤ ቤቱም በየጊዜው እያጠረ ይሄዳል። አጎቴ አንዴ ተቻኩሎ ብዙ ቆረጠና ዕድሜውን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ቤቱ ገባ። «ትንሽ ቁረጪ፣ እዪ፤ ደግሞ ትንሽ ቁረጪ። ማስመሪያሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺልኝ።»

በማግስቱ ሁለተኛውን ቀርከሃ ረዘም አድርገን ጀመርን። ጨረቃ ከጫሞ ሐይቅ ማዶ ብቅ ስትል ካሜራውን ገጠምኩ፤ ዳሩ ደብዝዟል። አባቴ በመጋዝ ቀጭን ቀለበት ቆረጠ። ሞከርኩ። ደግሞ ቆረጠ። ጉም መጣብን፣ ጠበቅነው፤ ሄደ። እጄ በብርድ ደንዝዞ ካሜራውን መፍታት እስኪያቅተኝ ድረስ እየገጠምኩ፣ እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ። ስድስተኛው ላይ ጨረቃዋ ጥርት ብላ ገባች፤ ዙሪያዋን ጥቁር ሰማይ ከቧታል።

ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ጣቱን ከላይ ጀምሮ ቀስ ብሎ አዞረው። ዞረ፣ ዞረ፣ የጀመረበት ተመልሶ መጣ።

«ሙሉ ናት» አለ። «አሁን ቢጨልምም ይጨልም።»

«አይጨልምም!» ብዬ ጮህኩበት፣ እያለቀስኩ።

ጨለመ። በዓመቱ ለመስቀል ስወጣ በድምፄ ነው የለየኝ። በቅጡ ሰላም እንኳ ሳንባባል «ቀርከሃዋን ይዘሻታል?» አለኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ እጁ ላይ አኖርኳት። አፏን በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰ፤ የጀመረበት ሲደርስ ቆመ።

«ሙሉ ናት» አለኝ።