ስቲከር ሲለጠፍ የሚሰበሰበው ሰው

አትላስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትንሽ ማስታወቂያ ቤት ዲዛይነር ነኝ። ፊደሎቹን ኮምፒውተር ላይ አዘጋጃለሁ፣ ማሽኑ ስቲከሩን ይቆርጣል፤ ሱቆች ድረስ ሄዶ መስታወት ላይ የሚለጥፈው ግን ሌላ ሰው ነበር። እሱ ሥራ ሲለቅ የመለጠፉን ሥራ እንዲሰጠኝ አለቃዬን ጠየቅሁት። ይህን ለማለት ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል። ቢሮ ውስጥ ደንበኛ ከወንበሬ ጀርባ ቆሞ «ቀይ አድርጊው፣ አይ፣ አረንጓዴው ይሻላል» ሲለኝ ይውላል። ውጭ ከመስታወቱ ጋር ብቻዬን የምሆን መስሎኝ ነበር።

አለቃዬ ትንሽ አየኝና፣ «ሞክሪው። ደንበኛው ደውሎ ካመሰገነሽ ሥራው ያንቺ ነው» አለ።

የመጀመሪያው ሥራዬ ለሚ ኩራ፣ አዲስ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ የተከፈተ የባልትና ሱቅ ነበር። ባለቤቷ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። መስታወቱን በሳሙና ውሃ አጠብኩ፣ የደረቀውን የቀለም ጠብታ በምላጭ ፋቅሁ፣ ለክቼ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ልለጥፍ ስል አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና አለፈ። መስታወቱ አቧራ ለብሶ በጣት የሚጻፍበት ሆነ። ከስቲከር ሥር አንዲት ቅንጣት ከገባች ብጉር ሆና ትቀራለችና እንደገና አጠብኩ፣ እንደገና ለካሁ።

ዞር ስል ከኋላዬ ሰው ቆሟል።

አዲስ አበባ ውስጥ መኪናውን ወደኋላ የሚያስገባ ሹፌርን ብቻውን የሚተወው የለም። የማያውቀው ሁሉ እጁን እያወዛወዘ «ና፣ ና፣ ሙሉ ስበር!» ይለዋል። ስቲከር የሚለጥፍ ሰውም ዕጣው ይኸው መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

ዋናው አዛዥ ከፊት ለፊት ካለው ሚኒባስ ተራ የመጣ ተራ አስከባሪ ነበር፤ ትከሻው በር የሚያክል፣ ድምፁ ከትከሻው የሚበልጥ ሰው።

«እህቴ፣ ወደ ግራ! ትንሽ… ትንሽ… ያዝ! አለፈሽ፣ መልሺ!»

«በማን ግራ ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አባባ፣ ሁላችንም ወደ መስታወቱ ነው የዞርነው፤ ግራችን አንድ ነው!»

«ወደ ታች ወርዷል» አለች ጎመን የታቀፈች ሴት።

«መንገዱ ነው ያዘነበለው። ተዉአት፣ ባለሙያ ናት» አለ ሌላው።

«ባለሙያ ከሆነች ስቲከሩ ለምን አይረጋላትም?»

ሳቁ። ስቲከር ከሥሩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ይንሸራተታል፤ እኔም ባዘዙኝ ቁጥር አንሸራተትኩት። የእርሳሱ ምልክት ትክክለኛውን ቦታ እያሳየኝ፣ እኔ ከምልክቱ ራቅሁ። ባለሱቋ ሲወጡ ያድኑኛል ብዬ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ሰዉ የሚልሽን ስሚ እንጂ» አሉኝ። «ነገ የሚገዛኝ እሱ ነው።»

«እሺ፣ እትዬ።»

በመጨረሻ ፀሐዩ ውሃውን አደረቀውና ስቲከሩ ባለበት ያዘ፤ ከምልክቴ አንድ ጣት ያህል ወደ ቀኝ ሸሽቶ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ አሸዋ ቋጥሮ። ሰዉ አጨበጨበ። ተራ አስከባሪው ላቡን ጠረገ።

ባለሱቋ እኔ ፊት ለአለቃዬ ደወሉ። «ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ድምጿ እንኳ አይሰማም። ግን እውነቱን ለመናገር ያቀናልን የታክሲ ተራው ልጅ ነው። እሱ ባይኖር ጠሞ ይቀር ነበር።» ከዚያ ስልኩን ሰጡኝ።

«ጎበዝ» አለኝ አለቃዬ። «ነገ ጎሮ ላለብሽ ሥራ እሱን ይዘሽው ሂጂ።»

«የለጠፍኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ሌላ ሰው ነው ማን አለ? ብቻ ይዘሽው ሂጂ።»

ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ለሁሉም መልስ አዘጋጀሁላቸው፤ ለሽማግሌው፣ ለጎመኗ ሴት፣ ለአለቃዬ። ጥሩ ጥሩ መልሶች ነበሩ። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ፤ «ወራጅ» ማለትም አቅቶኝ ነበር።

የጎሮው ሥራ ፋርማሲ ነበር። የጠራሁት ተራ አስከባሪ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ባልዲውን ሳላስቀምጥ፣ ሌሊቱን የተለማመድኩትን ነገርኩት። «መስታወቱን እንዳታይልኝ። ፊትህን ወደ መንገዱ አዙርና ሰው አታስጠጋ።»

ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ። ከዚያ ፊቱ በራ። «እሱማ የኔ ሙያ ነው!»

ጀርባውን ሰጠኝ፣ እጁን ዘረጋ።

«ወደኋላ! ወደኋላ! እህት፣ ሰልፍሽን ያዢ!»

«የምን ሰልፍ?»

«ያዢ ብያለሁ!»

ከትልቅ ጀርባው በስተኋላ ፀጥ ያለ ነበር። ስቲከሩን ከምልክቴ ጋር ገጠምኩ። በፕላስቲክ መጥረጊያው ከመሃል ወደ ዳር እየገፋሁ ውሃውን አወጣሁ። ፊደሎቹን የያዘውን የላዩን ወረቀት በዝግታ ስልጥ አንድ ፊደል እንኳ አልተነሳም፤ ብጉር የለ፣ መጣመም የለ። ሥራውን ስጠይቅ የፈለግሁት ይህንን ነበር።

ባለፋርማሲው ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ወጣ። ራቅ ብሎ አየ፣ ቀረብ ብሎ አየ፣ በጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ሄዶ የተራ አስከባሪውን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«እጅህ ይባረክ!»

«ኧረ እኔ አልነካሁትም፣ እሷ ናት!»

«እንዲህ ዓይነት ትሑት ባለሙያ የት ይገኛል?» አለና እየሳቀ ለአለቃዬ ደወለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ለእኔ ይህ ጮክ ማለት ነው። ባለፋርማሲው ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ አንድ ጣቱን አንስቶ፣ ጠብቂ አለኝ።