እናቴ ሚኒስትር የሆነችበት ዓመት

ዛሬም ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሶ ሲያቃስት ከሰማሁ፣ ያለሁበትን ረስቼ ደጀን ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከአባቴ ጎን ቆሜ እናቴን የምጠብቅ ይመስለኛል። ከአባይ በረሃ የሚወጣው መኪና ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማ ስለነበር፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ «ይሄ አውቶብስ ነው!»፣ «የለም፣ ይሄኛው እማዬ ናት!» እየተባባልን እንከራከር ነበር።

እናቴ ጥሩወርቅ የዲማ ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ላቀው ቅኔ ያስተምሩ ስለነበር፣ እሷም ከጓዳ ሆና ተማሪዎቻቸው የሚሉትን እየሰማች ከነሱ ቀድማ ትይዝ ነበር አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ «ለባል ይስጧት» እያለ ሲወተውታቸው፣ አያቴ ማንንም ሳያማክሩ ቁይ ወስደው ትምህርት ቤት አስገቧት። ከዚያ ደብረ ማርቆስ መጥታ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰች፣ ጤና መኮንን ሆና ተመረቀች፣ በበቅሎና በእግሯ ገጠር ለገጠር እየዞረች ስታዋልድ ኖረች። በኋላ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል እያለች ከፍ ስትል፣ እኛ ልጆቿ የምናውቀው ቤት የምትገባበት ሰዓት እየመሸ መሄዱን ብቻ ነበር።

ሹመቷ የተነገረው በክረምት ነው። እሷ ለስብሰባ ብላ አዲስ አበባ ከሄደች ሰንብታለች። አባቴ የሂሳብ መምህር ነበርና ትምህርት ተዘግቶ ቤት ውሎ፣ ወንድሜን ዱካ ላይ አስቀምጦ ጸጉሩን እየቆረጠው ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሬድዮው አልሰማ ቢለን ጆሮዬን አስጠግቼ ሳዳምጥ፣ የእናቴ ስም ከነአባቷ ተጠራ። «የጤና ሚኒስትር» የሚለውን ስሰማ ጮህኩ፤ አባቴ መቀሱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ፤ ወንድሜ ደግሞ የራሱ ግማሽ ተቆርጦ ግማሹ ጎፍሮ እንደቆመ፣ ዝናብ ውስጥ ገብቶ ለሰፈሩ ሁሉ አወጀ። ያን ቀን የመጣው እንግዳ ሁሉ እኛን እንኳን ደስ አላችሁ ካለ በኋላ «ይሄን ልጅ ምን አገኘው?» ሳይል የሄደ የለም።

መስከረም ሲጠባ ትምህርታችን እንዳይስተጓጎል ተብሎ ከአባቴ ጋር ማርቆስ ቀረን። እናቴ ሥራዋ ፋታ በሰጣት ቁጥር ትመጣ ነበር፤ ቤት ተቀምጠን መጠበቁ ስለማይሆንልን አባቴ በአውቶብስ ደጀን ድረስ ይወስደንና፣ ከዚያ በመኪናዋ አብረን እንመለስ ነበር። በዚያው ሰሞን ለአካባቢው አንድ ሆስፒታል ሊሠራ መታሰቡ ተሰማ፤ አያቴም በደስታ ብዛት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ለከበባቸው ሰው «ሆስፒታሉ እዚሁ ይሠራል፤ ልጄ አለች አይደል?» ብለው ቃል ገቡ። እናቴን ግን አልጠየቋትም።

በጥር፣ እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ ሁላችንም ዲማ ወረድን። አያቴ ደጅ ካለው ወይራ ሥር አገሩ ተሰብስቦ ጠበቃት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ከፊታቸው ቆመች።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ስለ ሆስፒታሉ የምትጠብቁትን ሰምቻለሁ» አለች። «እዚህ አይሠራም። ከበረሃው አፋፍ ላይ ነው የሚሠራው። እናንተ ቁይ ካለው ጤና ጣቢያ ትደርሳላችሁ፤ የቆላው ሰው ግን ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ገደል ሲወጣ ነው የሚውለው። እኔ እዚያ ሠርቻለሁ፤ መንገድ ላይ ያለፉብኝን አልረሳቸውም።»

ማጉረምረም ተነሳ። የአያቴ ጎረቤት አያ ይስማው፣ እናቴን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና ወደ አያቴ ዞሩ።

«መሪጌታ፣ ልጅዎስ አባይን ተሻገረች፤ እርስዎን ግን አባይ አድርጋዎት ሄደች!»

ወንዙን ጠርተው በውስጡ ውሸታም ማለታቸው ነበር። እንኳን ቅኔ አዋቂው አያቴ፣ እኔም ልጅቷ ገባኝ። እናቴ ልትመልስ አፏን ከፈተች፣ ግን በአባቷ ፊት መቅደም አልሆነላትምና አንገቷን ደፋች። አባቷ ካሳፈሯት፣ ያ ሁሉ ሹመት ከዚያ ወይራ ሥር ምንም እንዳልነበረ እኔም በልጅ ልቤ አውቄያለሁ።

አያቴ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ልክ ነህ፣ ይስማው። አባዩ እኔ ነኝ» አሉ። «የኔ ያልሆነውን የሰጠሁ እኔ እንጂ እሷ ለማንም ቃል አልገባችም። ያስተማርኳት ለዲማ ብቻ ነበር እንዴ? ለዲማ ብቻ ከሆነማ ለባል እሰጣት ነበር።»

አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ መሐል «እህቴ ምጥ ይዟት ከቆላ ስትወጣ ነው የቀረችብኝ» አሉ። ሰዉ እየመረቀም፣ እያኮረፈም ተበተነ። አያ ይስማው የቀረበላቸውን ምሳ ሳይቀምሱ ሄዱ። እናቴ ቤት ገብታ ከአባቷ እግር ሥር ተቀመጠች፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ስትነሳ ግን ዓይኗ ቀልቶ ፊቷ እንደበራ አይቻለሁ።

በፋሲካ ተመልሰን ስንሄድ አያ ይስማው ሳይጠሩ መጡ። ዶሮውን በሉ፣ ጠላውን ጠጡ፣ ስለ ሆስፒታሉ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሲጨርሱ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ጥሩዬ፣ ሚኒስትር ብትሆኚም ጉልበት ማየት አልረሳሽም መቼም» አሏት። እናቴ እየሳቀች ተንበርክካ፣ «የት ላይ ነው የሚያምዎት፣ አያ?» እያለች ጉልበታቸውን ዳበሰች።

ሆስፒታሉ ባለችው ቦታ ተሠራ። ዓመታት አልፈው ሌላ ሰው ሲሾም እናቴ ሻንጣዋን ይዛ ማርቆስ ተመለሰችና፣ ሳትውል ሳታድር ጤና መኮንኖችን ማስተማር ጀመረች። አያቴ ይህን አይተው፣ መርቀዋት ዐረፉ።

ያኔ ሚኒስትር ሳለች፣ በመጣች ቁጥር ግቢያችን በጉዳይ ፈላጊ ሲሞላ፣ እናቴ ትልቅ ሰው መሆኗን የምለካው በሰዉ ብዛት ነበር። ዛሬ ደጇን የሚያንኳኳው ጥቂት ነው፤ ወይ ተማሪዋ ነው፣ ወይ በእጇ የተወለደ ልጅ እናት ናት፤ ማንም እንዲፈረምለት የሚፈልገው ነገር የለም። ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ ሲመሽ ይሄዳሉ። እኔም አሁን አድጌ ሳየው፣ ከዚያ ከሞላው ግቢ ይልቅ ይሄ ደጅ ያኮራኛል።