ስልከኛዋና የግንበኛው ልጅ

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ ስልከኛዋ ይላታል። ዕድሜዋን የጨረሰችው በትልቁ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ አንዱን ገመድ እየነቀለች ሌላውን እየሰካች፣ የሰው ድምፅ ስትሰማ ኖረች። ከዚያ ሥራ ያተረፈችው ነገር ቢኖር ንቀት ነው። ሰው ሚስቱን ማር በተቀባ ድምፅ ሸንግሎ ሲያበቃ፣ ወዲያው ዞር ብሎ ጸሐፊዋን እንዴት እንደሚያመናጭቅ ሰምታለች። "ጆሮዬ የሰው ቆሻሻ መድፊያ ነበር" ትላለች።

ጡረታ በወጣች ማግስት የዳሌ አጥንቷ ተሰበረና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤቷ መውረድ አቃታት። አላገባች፣ አልወለደች። ያለኋት እኔ የእህቷ ልጅ ብቻ ነኝ። እኔም እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዤ ብቅ እላለሁ፣ ትንሽ ቁጭ ብዬ ሰዓቴን እያየሁ እወጣለሁ። ለእኔ ያላትን ግምት ደብቃኝ አታውቅም። "የእህቴ ልጅ ደህና ልጅ ነው" አለች አንድ ቀን ለጎረቤቷ፣ እኔ እዚያው ቆሜ፤ "ብርቱካን ማምጣት ይችላል።"

በዚያ ሰሞን አንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ይልክላት ጀመር። የአገልግሎት ስኮላርሺፕ ይሉታል። ተማሪው እስኪመረቅ ድረስ ሳያቋርጥ ጧሪ የሌለው ሰው ቤት እየሄደ ያግዛል፣ ኮሌጁ ደግሞ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍንለታል። ሐሳቡ እንከን አይወጣለትም። ነገር የተበላሸው አስተባባሪዋ አፏን ስትከፍት ነው። አስተባባሪዋ ጠረኗ ሳይቀር ለስላሳ የሆነች ሴት ናት። ስትናገር አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ታደርጋለች፤ ከሦስት ቃል አንዱ "ፍቅር" ነው።

መጀመሪያ የመጣው አበባ የታቀፈ ዘለግ ያለ ወጣት ነበር። ገና ከበሩ "እማማ!" ብሎ ተጠመጠመባት።

"እማማህ አይደለሁም" አለችው። "ስልከኛ ነኝ። አሁን ልቀቀኝ።"

ልጁ ከእሷ ጋር ፎቶ ተነሣ፣ አበባውን ብርጭቆ ውስጥ አቆመ፣ ቆሻሻው ከበሩ ሥር እንደተቀመጠ ተሻግሮት ሄደ። ሁለተኛዋ ደግሞ አክስቴን ገና ስታያት ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ሳልሞት ተለቀሰልኝ" አለችኝ አክስቴ። ሦስተኛው ሶፋው ላይ ተደላድሎ የቤተሰቡን ጣጣ፣ የሆዱን ሁሉ ዘረገፈላት። "እሱ ተገልግሎ ሄደ" አለች። አንድ በአንድ አባረረቻቸው።

ከዚያ የግንበኛው ልጅ መጣች። አባቷ ግንበኛ፣ እሷ የመሬት ቅየሳ የምትማር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ፊቷ የማይፈታ ልጅ ነበረች። በሩ ላይ ቆማ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው።

"ምን ልሥራ?" አለች።

"አታቅፊኝም?" አለቻት አክስቴ።

"ካዘዙኝ አቅፋለሁ።"

"ሽማግሌና አሮጊት ትወጃለሽ?"

"እንጃ። አያቴን አልወዳትም ነበር።"

"ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"እዚህ ካልመጣሁ ኮሌጁ አይከፍልልኝም።"

አክስቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

የተስማሙ እንዳይመስላችሁ። ልጅቷ ማክሰኞና ዓርብ ትመጣለች፣ ማክሰኞና ዓርብ ይጣላሉ። የወጥ ቤቱን ፎጣ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ "ይሄ የዕቃ ነው የመኪና?" ትላለች። አክስቴም "አባትሽ ግድግዳ ሲሠራ እንዳንቺ ያወራል? እንዲያ ከሆነስ የገነባው ሁሉ ተንዷል" ትላለች። ልጅቷ ፎጣውን የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ትወረውረዋለች። በማግስቱ አክስቴ ደውላልኝ አዲስ ፎጣ እንዳመጣ አዘዘችኝ።

አንድ ሰሞን አክስቴን ሆዷን ክፉኛ አመማት። ብርቱካኔን ይዤ ስደርስ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ ሽታው ገና ከመግቢያው ተቀበለኝ። አልጋው ተበላሽቷል። የግንበኛው ልጅ እጅጌዋን ሰብስባ በሞቀ ውሃ ታጥባታለች። ቀኗ አልነበረም፤ ለካ አክስቴ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ደውላላት ኖሯል። ልጅቷ አፍንጫዋን አልያዘች፣ "አይዞዎት" አላለች።

"አዋረድኩሽ" አለች አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

"ነገ ፈተና አለብኝ" አለች ልጅቷ። "ወደዚህ ዞር ይበሉ።"

እኔ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። አክስቴ አየችኝና "ብርቱካኑን አስቀምጥና ሂድ" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ እያለኝ ሄድኩ።

ልጅቷ ልትመረቅ አንድ ዓመት ሲቀራት የስኮላርሺፑ ኮሚቴ ጠራት። በነጋታው ለአክስቴ ነገረቻት።

"ልብሽ ምን ያህል ተለወጠ አሉኝ።"

"ምን አልሽ?"

"አልተለወጠም አልኳቸው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ማገላበጥ ተምሬያለሁ፣ እሱን ያዙልኝ አልኩ።"

"ደደብ። ዋሽተሽ አትወጪም?"

"እዚህ ቤት መዋሸት አስረሱኝ።"

እሁድ አስተባባሪዋ ራሷ መጣች። እኔም ነበርኩ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ልጅቷ የአገልግሎት መንፈስ እንደሌላት፣ ኮሚቴው ሊያሰናብታት እንደሚያስብ ነገረችን። "አገልግሎት ከልብ መሆን አለበት እማማ" አለች።

አክስቴ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። "ሆስፒታል ስሠራ ወር ጠብቄ ደመወዜን እቀበል ነበር። ልጇ የታመመባት እናት ሐኪም አገናኚኝ ስትል አገናኛታለሁ። ትወጃታለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። መስመሩ ገባ ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው።"

"ግን ፍቅር ከሌለ..."

"የላክሽልኝ ሁሉ ይወዱኝ ነበር። የወደዱኝ ሁሉ አርፍደው ነው የሚመጡት። በሰዓቱ የምትደርሰው ይቺ የማትወደኝ ናት።"

አስተባባሪዋ ፈገግ አለች። ሕፃን ሲያጠፋ ፈገግ እንደሚባለው ዓይነት ነው። ቦርሳዋን እያነሣች፣ ለፕሮግራሙ የምሥረታ በዓል ፖስተር የሚሆን አንድ አረጋዊ ገና እንዳላገኙ እግረ መንገዷን ጣል አደረገች። አክስቴን ከዚህ በፊት ለምነዋት፣ ፖስተሩን የት መለጠፍ እንዳለባቸው ነግራ ነበር ያሰናበተቻቸው።

አሁን ግን "ፎቶው ላይ ምን አደርጋለሁ?" አለች።

"ፈገግ ማለት ብቻ ነው እማማ።"

"ፈገግ እላለሁ። በበዓሉም ቀን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አፌን እዘጋለሁ። ልጅቷ ትቀጥላለች።"

"ይሄ እኮ ንግድ አይደለም።"

"አይደለም" አለች አክስቴ። "እስቲ አስቢበት።"

በማግስቱ ተደወለ። ልጅቷ ትቀጥላለች።

የበዓሉ ቀን አክስቴን ከነወንበሯ ተሸክመን አወረድናት። አዳራሹ መግቢያ ላይ ፖስተሩ ተሰቅሏል፤ ያ የአበባው ወጣት አክስቴን አቅፎ፣ ከሥሩ "ፍቅር ሲያገለግል" ተብሎ ተጽፏል። ከተባረረ ስንት ጊዜው፣ ግን ጥርሱ ለፎቶ ጥሩ ነው ብለው መልሰው አምጥተውት ነው። ንግግሩ ማለቂያ አልነበረውም። አንዱ ትልቅ ሰው ማይክሮፎኑን ጨብጦ "ልጆቻችን እናት አገኙ፣ እኚህ እናትም ልጆች አገኙ" ሲል የአክስቴ አፍ ተከፈተ። ከኋላዋ የቆመችው የግንበኛው ልጅ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ "ቃልዎን" አለቻት። አፏ ተዘጋ። እጇ ግን የወንበሩን ክንድ ጨምድዶ እንደያዘ ቀረ።

ስንመለስ ደረጃው ላይ "እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም" አለች።

"ዝም ብለው መቀመጥዎ ደህና ነበር" አለች ልጅቷ። "ፈገግታዎ ግን ጥርስ የሚነቀልልዎት ይመስል ነበር።"

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ተሸካሚዎቹ እንዳንጥላት ብለን ወንበሩን መሬት አስነካነው። ልጅቷ ያኔም ሆነ በኋላ አመሰግናለሁ አላለችም።

ተመረቀች፣ ሩቅ ቦታ በመንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ሆና ተቀጠረች። የመጨረሻው ዓርብ ቤቱን አጽድታ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"ከእንግዲህ አልመጣም" አለች።

"ማን ነይ አለሽ?"

"ማንም። እንዲያውቁት ብዬ ነው።"

"አወቅሁ።"

ይሄን የነገረችኝ አክስቴ ናት። ከፋሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "ሥራዋን ጨረሰች፣ ሄደች። አንተ ሥራውን ጨርሶ የሚሄድ ሰው አይተህ ስለማታውቅ ነው የገረመህ።" ብርቱካኔን ግን ያን ሰሞን አልነካችውም፤ አንዱን ከረጢት ሳይበላ በሌላው ተካሁት።

ኮሌጁ ወዲያው ሌላ ላከ። ይቺኛዋ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ፣ በትንሽ በትልቁ ዓይኗ የሚሞላ ናት። አክስቴ ልታባርራት ያልሞከረችው ነገር የለም፤ ልጅቷ ዓይኗን እየጠረገች ተመልሳ ትመጣለች። ባለፈው እሁድ ስሄድ መስኮት ስትወለውል አገኘኋት። አክስቴ ከወንበሯ ሆና ትሰድባታለች። ልጅቷ ማልቀሱን ትታለች። መልሳ መሳደብ ግን ገና አልጀመረችም፤ አክስቴ እሱን እየጠበቀች ነው።