ስድስተኛ «ለ» የቸከላት ከተማ

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ በመኪናው መስኮት ብቅ ብላ የምትጠፋ ናት። ስሟን ብጠራ ማዘጋጃ ቤቱ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ያቋቁምብኛል፣ ለኮሚቴውም አበል ይፈለጋል። ስለዚህ ስለ ባንቺአየሁ ላውራ። የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህርት ናት፤ እኔ መሐሪ ደግሞ ከእሷ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ።

ባንቺአየሁ ያን ጊዜ በአንዲት የጭቃ ክፍል ስትከራይ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። አከራይዋ ሕግ ነበራት፤ በቀን ከአንድ ባልዲ በላይ ውኃ አይቀዳም፣ እንግዳ ከሦስት ቀን በላይ አይሰነብትም። የባንቺአየሁ እናት እማማ ደጊቱ ደግሞ ሽንዲ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዓይናቸው እየደከመ ከደጃፍ እስከ ጓሮ ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሚሄዱት። እሳቸውን ለማምጣት ቤት ያስፈልጋታል፤ ለቤት ቦታ፣ ለቦታ ደግሞ የመምህራን ቤት ሠሪዎች ማኅበር ውስጥ ተመዝግቦ ተራ መጠበቅ። እሷም ተመዝግባ ትጠብቅ ነበር።

ሚሌኒየሙን ባከበርን በዓመቱ አዲስ የመምህሩ መምሪያ መጣ። «ተማሪዎች በቡድን ሆነው የምናብ ከተማ ነድፈው ይሠራሉ» ይላል። መሥሪያው ካርቶን፣ ማጣበቂያና ባለቀለም ወረቀት ነው። መምሪያውን የጻፈው ሰው ትምህርት ቤታችንን ቢያየው ኖሮ «ከተገኘ» የምትል ቃል ይጨምርበት ነበር። አንድ ማጣበቂያ ነበረን፤ እሱንም ርእሰ መምህሩ ለእንግዶች ጉብኝት ብለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ባንቺአየሁ ግን በሌለ ነገር የምታለቅስ ሰው አይደለችም። ካርቶን ባይኖር ሜዳ አለ ብላ ሰባ አራት ልጆች አስከትላ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው የጋራ ግጦሽ ወጣች።

ከተማዋን በሙሉ መጠኗ ሠሯት። ልጆቹ የባሕር ዛፍ ችካል ጠረቡ፣ ከሽንት ቤቱ በር የተረፈ ቀይ ቀለም ጫፍ ጫፉን ቀቡት። ማዕዘን በገመድ እንዴት እንደሚወጣ ወጥቼ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፤ ገመዱንም በእጄ ወጠርሁላቸው። ሰፊ መንገድ አወጡ፣ ለጤና ጣቢያ ቦታ ለዩ፣ በየደጁ ቧንቧ አቆሙ። ሀይማኖት የምትባል ልጅ ለከንቲባው ቢሮ ቦታ ለምን እንዳልተወች ስትጠየቅ፣ «እሱ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው፣ ቢሮ ምን ያደርግለታል?» አለች። ሙሉ ማርክ ሰጠናት።

ሥራው በአንድ ክፍለ ጊዜ ስላላለቀ ችካሉ እዚያው አደረ። ከብቶቻቸውን በዚያ መስክ የሚያሰማሩ አቶ ቸኮለ የሚባሉ ገበሬ አዩትና በቀጥታ ወደ ቀበሌው ሊቀ መንበር ሄዱ።

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም፣ ይህን ችካል ማን ነው የተከለብን?»

ሊቀ መንበሩ አያውቁም። አላውቅም ማለት ደግሞ ከሥልጣን የሚያስነሳ ይመስላቸዋል።

«ከላይ የመጣ ነው» አሏቸው።

አቶ ቸኮለ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። «ከላይስ ስንጠብቅ የነበረው ዝናብ ነው» ብለው ወጡ።

ነገሩ ማዘጋጃ ቤት ደረሰ። ኃላፊው አቶ ተስፋው ከለውጥ ሥልጠና የተመለሰ ሰሞን ነበርና ከረባቱን ገና አላወለቀም። ዞን ደውሎ ቢጠይቅ አለማወቁ ሊታወቅበት ነው። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ «የማስፋፊያ ፕላን ዝግጅት በመከናወን ላይ» ብሎ ጻፈ። ዞንም ይህን ሲያይ ከክልል የመጣ መስሎት አመሰገነ። ከዚያ ባለሙያ ተላከና የስድስተኛ «ለ»ን መንገድ በሜትር ለካ። መንገዱ መካከል ላይ ይጠመዘዛል፤ ልጆቹ የጉንዳን ጉድጓድ ፈርተው ዞረውበት ነው። ባለሙያው «የመሬቱን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ ያገናዘበ ንድፍ» ብሎ መዘገበው።

ባንቺአየሁ ወሬውን እንደሰማች እውነቱን ለመናገር ማዘጋጃ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በሩ ላይ «ማንኛውም ባለጉዳይ በሃያ ደቂቃ ይስተናገዳል» የሚል ተለጥፏል። ሦስት ጊዜም ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ኃላፊው ስብሰባ ላይ መሆኑን ነገሯት። በዚህ በኩል ተቋሙ አይታማም።

በመጨረሻ ሕዝቡ አዳራሽ ተጠራ። አቶ ተስፋው በአዲሱ ማስፋፊያ ላይ ለሠላሳ ስድስት መምህራን ቦታ እንደሚሰጥ አብሥሮ ስም ማንበብ ጀመረ። ሰባተኛዋ ባንቺአየሁ ናት። አጠገቧ ተቀምጬ ፊቷን አየሁት። በዚያች ቅጽበት እናቷን ከሽንዲ አምጥታ በረንዳዋ ላይ ያስቀመጠቻቸው ይመስለኛል። ጭብጨባው ሳይበርድ ከኋላ አቶ ቸኮለ ተነሡ።

«እኛሳ ጌታዬ፣ ከብቶቻችንን ወዴት እንንዳቸው?»

«ዘመናዊ የከብት እርባታ ትለምዳላችሁ» ተባሉ።

ባንቺአየሁ ስትነሣ የነጠላዋን ጫፍ ያዝሁ። «ባንቺ፣ በሞቴ ተቀመጭ። እናትሽን አስቢ» አልኋት። ነጠላውን ትታልኝ ቆመች።

«ችካሉን የተከሉት የእኔ ተማሪዎች ናቸው» አለች። «የክፍል ሥራ ነው። ከላይ አልመጣም፣ ከስድስተኛ ‹ለ› ነው የመጣው። መምህር መሐሪን ጠይቁት፣ ገመዱን የወጠረው እሱ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እውነት ነው፣ መምህር?» አለኝ አቶ ተስፋው።

ነጠላዋ አሁንም እጄ ላይ ነበር። «እኔ... በዕለቱ ክፍል ውስጥ ነበርሁ» አልሁ። ሐሰት እንዳትሉኝ፣ ጠዋት ክፍል ነበርሁ።

ባንቺአየሁ ተገመገመች። ችካሉ የእኔ ነው ብላ በመዋሸቷ ጥፋተኛ ተባለች፤ ያለ ፈቃድ መሬት በመቸከሏም ጥፋተኛ ተባለች። ሁለቱም በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ አሉ፣ ሁለቱም በሙሉ ድምፅ ጸድቀዋል። የአመለካከት ችግር አለባት ተብሎም ስሟ ከማኅበሩ ዝርዝር ተሰረዘ። አንድ ሰው ከሠላሳ ስድስት ሲወጣ ሠላሳ ሰባተኛው ይገባል፤ ይህን ለማወቅ የሂሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። ሠላሳ ሰባተኛው ግን የሂሳብ መምህር ነበር።

አቶ ቸኮለ በሬዎቻቸውን ሸጠው ማንኩሳ እህታቸው ዘንድ ሄዱ። በግጦሹ ላይ ሰፈር ቆመ፣ መንገዱም እስከ ዛሬ ጉንዳን እንደፈራ ይጠመዘዛል። እኔም ባለ ሦስት ክፍል ቤት ሠራሁ፣ በግቢዬም አንድ የሚከራይ ሰርቪስ ጨመርሁ።

ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ባንቺአየሁ ናት።

«ክፍል ታከራያለህ አሉኝ። እናቴን ይዤ መግባት እችላለሁ?»

«ትችያለሽ» አልሁ።

ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ አንሥታብኝ አታውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት እሷ ቀድማ ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ እኔ ስወጣ እማማ ደጊቱ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይጠብቁኛል። ዓይናቸው አሁን ፈጽሞ አያይም። ኮቴዬን ሲሰሙ እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ይዳስሱኛል።

«ለልጄ ቤት የሰጠሃት፣ እግዜር በሰማይ ቤት ይስጥህ» ይሉኛል።

ጎንበስ ብዬ «አሜን» እላለሁ።