ብርድ ያሉት ሱሴ

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ! ያደረገልኝን በሆዴ ይዤ ወንበር ላይ መቀመጥ ስላቃተኝ፣ መጋቢን «ዛሬስ ሳልመሰክር ቤቴ አልገባም» ብያቸው ነው የወጣሁት። አሳጥሪው ብለውኛል። እሞክራለሁ። ሳቁ እንጂ፣ ታውቁኝ የለ!

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ የደረጄ ሚስት ተብዬ ነው፤ እዚህ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነን። እሁድ እሁድ እሱ ያመጣኛል፣ እኔ ለወጉ እቀመጣለሁ። ጸሎት ሲረዝም ሰዓት የማይ ሰው ነበርኩ። ልጄን ሶልያናን በኦፕራሲዮን ወለድኩ። ቁስሉ አላስተኛ ሲለኝ ትራማዶል የሚባል ከባድ ማስታገሻ ታዘዘልኝ። ቁስሉ ዳነ፤ ክኒኑ ግን አልለቀቀኝም። እየደበቅኩ መዋጥ ቀጠልኩ። ስውጠው ሰው እሆናለሁ፤ ሲያልቅብኝ ላብ ያጠምቀኛል፣ አጥንቴ ይቆረጣጠማል፣ እንቀጠቀጣለሁ።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። የባለቤቴ ወንድም ታምራት ከእኔ በፊት በዚሁ ክኒን ተይዞ ነበር። እሱን ያላበው ቀን ሰፈሩ በሙሉ «ሱስ ነው» አለ። ሽማግሌ ተላከ፣ ጸሎት ተያዘ፣ ታክሲ ተኮናትሮ ሕክምና ተወሰደ። እኔን ሲያልበኝስ? «አራስ ናት፣ ብርድ መትቷት ነው!» ጋቢ በጋቢ ላይ ደረቡብኝ! መስኮት ተዘጋ፣ አጥሚት ቀረበ። ልጅቷ መዳህ ጀምራ እኔ ገና አራስ ነኝ! አንዷ ጎረቤቴማ «ቁርጥማቱን ያስታግስልሻል» ብላ ያንኑ ክኒን አመጣችልኝ። ምን ብዬ እምቢ ልበል? ዋጥኩት።

የደረሱብኝ አማቴ ናቸው። እዚያ ኋላ፣ ሶልያናን አቅፈው የተቀመጡት። እማዬ፣ አይቆጡኝ፣ ዛሬ እናገራለሁ። አንድ ቀን ከመካኒሳ አቦ ሊጠይቁኝ መጡ፤ ጋቢውን ገለጥ አድርገው ፊቴን አዩና «ይህን ላብ ከታምራት ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ልጄ፣ ምንድን ነው የምትውጪው?» አሉኝ። ቁጣ የለ፣ ስድብ የለ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። በማግስቱ ልጄን ይዘን ሐኪም ዘንድ ሄድን።

ዶክተሯ ተኝተሽ መታከም አለብሽ አለችኝ። «ልጄን ለማን ጥዬ?» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ቁጭ በይ» አለችኝ። «ወንዶቹን እናት ወይ ሚስት ደግፋ ታመጣቸዋለች፤ እስኪድኑም ቤታቸውን ትጠብቃለች። ሴቶቹ ሰው እንዳያውቅባቸው ብቻቸውን ይመጣሉ፤ ልጅ አለቀሰ ሲባሉ አቋርጠው ይሄዳሉ። አንቺም ልትሄጂ ነው?»

ወገኖቼ፣ ልሄድ ነበር! ሄጄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር፤ ልጄም እናት አይኖራትም ነበር።

እማዬ ግን ሶልያናን ከእጄ ተቀብለው በነጠላቸው አዘሏት። «ታምራትን ሳስታምም ያፈረ የለም፤ በዚችም አላፍርም» አሉ። ዘመዶች «ክፍለ ሀገር ሄደች እንበል» ሲሏቸው «ታማ ተኝታለች ነው የምለው። ይልቅ ሄዳችሁ ጠይቋት!» አሏቸው። የእህቶች ጸሎት ላይም ቆመው ይህንኑ ተናገሩ። ሃሌ ሉያ! እንዲህ ያለች አማት ማን አላት?

እህቶችም አራስ እንደሚጠየቅ በየተራ መጡ፤ ገንፎ ሳይቀር ይዘው! ማዶ ክፍል የተኙት ወንዶች «እኛን በገንፎ የጠየቀን የለም» ብለው ቀኑብኝ።

በጣም የጠናብኝ ቀን ግን «በቃኝ፣ ልውጣ» ብዬ ጫማዬን አጠለቅኩ። በመስኮት ሳይ እማዬ ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ ልጄን አዝለው እየተንጎራደዱ ይጸልያሉ። «ጌታ ሆይ፣ ልጄን አደራ» ይላሉ። ልጄ የሚሉት እኔን ነው! «እኚህ እናት እንዲህ የሚያምኑህ ጌታ፣ እኔንም ያዘኝ» አልኩ። የመጀመሪያ ጸሎቴ ያ ነው። ጫማዬን አውልቄ ተመልሼ ተኛሁ።

ሕመሙ ያን ቀን አልቆመም፤ አልዋሻችሁም። መድኃኒቱንም ምክሩንም እስከ መጨረሻው ተከታተልኩ። ጌታ ግን ያን ቀን ከያዘኝ አልለቀቀኝም። ዛሬ ነፃ ነኝ! ክብር ለስሙ ይሁን!

እህቴ፣ እዚህ መሃል ጋቢ ተደርቦብሽ የተቀመጥሽ ካለሽ፣ ብርድ እንዳልሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ጌታን እመኚው፣ አያሳፍርሽም። ሐኪም ዘንድ አብሬሽ እሄዳለሁ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ እኔና እማዬ በሩ ላይ እንጠብቅሻለን። ልጄን ለማን ብለሽ እንዳትቀሪ፤ ልጅሽን እኛ እንይዝልሻለን።